አባቷ የሚልክላት ከረሜላ

ሰኔ 28፣ ማታ

ዝናብ። የፋብሪካው ሰርቪስ ዓለም ገና ላይ ተበላሽቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በባጃጅ። ጫማዬ ውሃ ብቻ። ስደርስ ልጄ ቦንቱ ሱቁ ደጃፍ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ታገላብጣለች። ከረሜላ።

ት/ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ውሎዋ እዚያ ነው። ኦቦ ቶለሳ አከራያችን ናቸው፤ ሱቁም የእሳቸው። እኔ ፋብሪካ ስፌት ላይ ስውል እሳቸውና ባለቤታቸው ያዩልኛል። እነሱ ባይኖሩ ሥራውን ትቼው ነበር። እ/ር ይስጣቸው።

ምሳዋን ግማሹን መልሳለች። ደግሞ! ለምን ስላት ጠገብኩ። እራት ላይ ልብ ብዬ አየኋት፤ በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። ቀኝ ጉንጯን ስነካት ፊቷን ዞር አደረገች። አያምሽም ወይ? አያመኝም። ምንም? ምንም።

ስድስት ዓመቷ ነው፤ መዋሸት አትችልም ብዬ ነበር።

ሐምሌ 1፣ ጠዋት፣ ሳልወጣ

ትናንት ያልጻፍኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ። ዛሬ ልሞክር።

ባለቤቴ ግርማ ከፋሲካ በኋላ ነው የሞተው። ጅማ መንገድ ላይ፣ በሚነዳው ሚኒባስ። ይሄን አንተ ታውቃለህ ማስታወሻዬ፤ ያን ሰሞን ባዶ ገጽህ ላይ ቀኑን ብቻ እየጻፍኩ የተውኩት ስለዚያ ነው። ቦንቱ ግን አታውቅም። የለቅሶው ጊዜ ትልልቆቹ ተሰብስበው፣ የሕፃን ልብ አይሰበር፣ ሩቅ አገር ለሥራ ሄደ በሏት አሉ። አማቴም፣ የግርማ እናት፣ እንዲሁ አሉ። እኔ ያን ቀን አዎ የምልበትም እምቢ የምልበትም አፍ አልነበረኝም። በዚያው ቀረ። ጥቁር ለምን ትለብሻለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ብርድ አያስገባም አልኳት።

ማታ ሲገባ ኪሱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በበጋ ጀላቲ፤ እየቀለጠ፣ እጁን እያጣበቀ። በክረምት ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ ሎሊፖፕ። እሷ ኪሱን ትበረብራለች። እኔ ከእራት በፊት አይሆንም እላለሁ። ሁለቱ ይሳሳቃሉ። ያ ሳቅ።

ሰዓት ደረሰ።

ሐምሌ 4፣ እሑድ

አማቴ ከሱሉልታ መጡ። ከላሞቻቸው ወተት ይዘው፣ አይብ ይዘው፣ ከመንገድ ደግሞ አንድ ፌስታል ብስኩትና ለስላሳ ገዝተው። ገና ከበር ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እያሉ አቅፈው ሳሟት። ቦንቱም አኮ! አኮ! አያቴ ማለቷ ነው። ፊታቸው ያበራል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ የሚያበራው እዚህ ሲመጡ ብቻ ነው።

ወተቱን አፈሉላት። ስኳር። አሁንም ስኳር። ሦስተኛውን ማንኪያ ሲጨምሩ እማማ በቃ ይበቃታል አልኩ፤ በቀስታ። አልሰሙኝም፤ ወይም ሰምተው ተዉኝ። እኔም ተውኩ። ማታ ያንኑ እየጠጣች እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ሳትጉመጠመጥ። አማቴ አጠገቧ ተጋድመው ፀጉሯን ያሻሻሉ። ቁርጥ ግርማን ትመስላለች አሉኝ፤ ተኝታ ስትታይ። እውነታቸውን ነው።

ሐምሌ 6፣ ማታ

ጠዋት የጥርስ ቡሩሹ ላይ ደም። አፍሽን ክፈቺ አልኳት፤ ግጥም አደረገችው። ለመንኩ። ተቆጣሁ። እንደገና ለመንኩ። በመጨረሻ ለቅጽበት ከፈተች፤ በቀኝ በኩል የታችኛው መንጋጋዋ ጥቁር ነው። መሃሉ ተቦርቡሯል። ጠረኑ...

ያምሻል? አያመኝም። እንባዋ እየወረደ፣ አያመኝም።

ምን ዓይነት ልጅ ናት? ምን ፈርታ ነው?

የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል ብለው የሥራ ጓደኞቼ አጽናኑኝ። አንዷ ግን አይሆንም አለችኝ፤ ልጇን ቡራዩ ያሳከመችበት የጥርስ ክሊኒክ አለ። ስሙን በእጄ መዳፍ ላይ ጻፈችልኝ። ከሰዓት እጄን ስታጠብ ጠፋ። ደግማ ጻፈችልኝ።

ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጠዋት ስትነሳ ጉንጯ አብጧል። አንድ ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረው። ትኩሳት። አለቃዬን በስልክ ለመንኩት፤ ሂጂ አለኝ፤ ደግ ሰው። ከሰበታ ቡራዩ ስንት ታክሲ ነው! ጭኔ ላይ እንደ ጨቅላ ጠቅልያት።

ዶ/ሯ ወጣት ናት። ቦንቱን በስሟ እየጠራች መስታወቷን አስያዘቻት፤ የራሷን አፍ እንድታይ። ቦንቱ አየች።

መግል ይዟል። አሁን መንቀል አይሆንም፤ መጀመሪያ መድኃኒት፣ እብጠቱ ሲቀንስ ይነቀላል። ሌሎችም ጀምረዋል፤ እነሱ ይሞላሉ። ይወልቅ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ይወልቃል አለች፤ ግን እስከዚያ ለቋሚው ቦታ የሚጠብቅለት እሱ ነው። ደግሞ ከኋላ አንድ አዲስ መንጋጋ ብቅ ብሏል፤ ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል፤ ይሄ ቋሚ ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ አይመጣም።

ሌላ አይመጣም።

ክረምት ሲሆን ብዙ ልጅ እንዲህ ሆኖ ይመጣባታል። ት/ቤት ዝግ፣ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ መዋል፣ በየሰዓቱ የሆነ ጣፋጭ። ጥፋቱ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ከምልልሱ ነው አለችኝ። ጥርስ አንዴ ስኳር ከነካው በኋላ ምራቅ እስኪያጥበው ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚመጠጥ ከረሜላ ያን ጊዜ አይሰጠውም። ብስኩትም እንደዚሁ፤ ይጣበቃል። ለስላሳውማ ስኳሩ ላይ አሲድ አለበት። የግድ ጣፋጭ ካስፈለገ አንዴ፣ ከምግብ ጋር፣ ከዚያ ውሃ። በመሃል ሲርባት ካሮት፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በቆሎ። ወተቱም ጥሩ ነው፤ ስኳሩን ትታችሁ። ማታ ከተቦረሸች በኋላ ከውሃ በቀር ምንም።

ከዚያ ወደ ቦንቱ ዞር ብላ ይሄን ያህል ሲያምሽ ለእማዬ ለምን አልነገርሽም አለቻት። ቦንቱ እኔን አየች። ዶ/ሯ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት። የልጄ ሹክሹክታ ግን ክፍሉን ሞላው፤

«ካመመኝ እማዬ ከረሜላ ትከለክለኛለች። አባዬ ደግሞ የላከውን ካልበላሁ መላክ ያቆማል።»

ዶ/ሯ ፈገግ ብላ አባቷ የት ነው ያሉት አለችኝ። ጥቁር ልብሴን አየች። ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁ።

እዚያው ቀን፣ ምሽት 1 ሰዓት

ቦንቱ መድኃኒቷን ወስዳ ተኝታለች። ኦቦ ቶለሳ ሱቅ ሄጄ መጣሁ።

መጀመሪያ ልጮህባቸው ነበር። በመንገድ ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ስደርስ ቦንቱ ተሻላት ወይ ብለው ከመደርደሪያው ጀርባ እየሮጡ ወጡ፤ በዚያ ጉልበታቸው። አባትሽ ላከልሽ ብለዋታል ወይ ብቻ አልኳቸው።

ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ማታ ማታ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እየሮጠች ትወጣ ነበር፤ ማርታ። በሩ ሲከፈት ሌላ ሰው ይወርዳል። ሌላ ሰው። ፊቷን አንቺ አላየሽውም፣ ሥራ ላይ ነሽ። እኔ ነኝ ያየሁት። አንድ ቀን አልቻልኩም። ከረሜላ ሰጠኋትና አባትሽ ነው የላከው አልኳት። ሳቀች። አንዴ ከሳቀች በኋላ እንዴት ልተው?»

ከዚያ ወዲህ በየማታው። አንዳንዴ ቀን ላይም፣ ስትከፋ። ፀሐይ ብልጭ ካለች ጀላቲ። ሁሉም ከአባዬ።

አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ ምን ላድርግ? አይዞዎት አልኩ። ላጽናናቸው! እኔ! ወጥቼ ግን ከቧንቧው አጠገብ ቆሜ... በቃ።

ከነገ ጀምሮ አይሰጧትም። ምንም እንዳይነግሯት አስምያቸዋለሁ፤ የምነግራት እኔ ነኝ። መቼ አሉኝ። አላወቅሁም።

ሐምሌ 11

ለአማቴ ደወልኩ። በስልክ የሚባል አልነበረም፤ አውቃለሁ። ስለ ጥርሷ ስነግራቸው ዋቃዮ፣ ዋቃዮ እያሉ ፈጣሪን ተማፀኑ። ስለ ስኳሩም ነገርኳቸው። እውነቱን ልነግራት ነው ስላቸው ፈነዱ።

«አባቷን እግዜር ወሰደ። ስኳሩን ደግሞ አንቺ ውሰጅባት!»

እማማ፣ ጥርሷ በስብሷል እኮ አልኳቸው።

«ጥርስ ይበቅላል። እኔ ልጄን ቀብሬያለሁ። ይቺ ስትስቅ እሱ የሳቀ ይመስለኛል። እሱን ነው የምትወስጅብኝ።»

ዘጉት። እሳቸው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ማታ

እብጠቱ ቀንሷል። እሷ ግን ጠወለገች።

ማታ ማታ በሰዓቷ ሱቁ ደጃፍ ትቆማለች። አትጠይቅም። ትቆማለች ብቻ። ኦቦ ቶለሳ ዓይኗን ላለማየት ሚዛን ይወለውላሉ። ዛሬ ረሳ ይሆናል አለችኝ ስገባ። ትናንትም ረስቷል። መንገዱ ስለጨቀየ ነው?

ካሮት ላጥኩላት። በቀጭኑ፣ እንደ ጣት፣ ውሃ ውስጥ አቆይቼ፣ ጥርት ብሎ። በግራ በኩል እንድታኝክ። ሳህኑን ገፋችው። አባዬ ካሮት አይልክም።

ወለሉ ላይ ያለውን ካሮት ስለቅም ትንሿ ልጅ ምን አጥፍታ ነው አልኩ። ጥርሷን ባድናት የምነጥቃት ምንድን ነው? እ/ር ሆይ፣ አንዴ የወሰድከውን ሰው እኔ ደግሜ እንድወስድባት ለምን አደረግከኝ?

ጸሎት አልሆነልኝም። ይሄ ጸሎት ከሆነ ይሁን።

ሐምሌ 17፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ነገርኳት።

ዝናቡ ቆሞ ነበር። ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ጭቃ ላይ በእንጨት ቤት ትስላለች። ከየት እንደምጀምር ስፈልግ እሷ ጀመረች፤ አባዬ ሥራውን መቼ ነው የሚጨርሰው?

አይጨርስም፤ አይመለስም አልኳት። ሩቅ አገር አልሄደም። መኪናው ተጋጨ። ሞቷል። ሌላ ቃል አልፈለግሁም፤ አረፈ፣ ጌታ ወሰደው፣ ተኛ አላልኩም። ተኛ ብላት ይነሳል ብላ ትጠብቃለች። ሞቷል።

እንጨቱ ቆመ።

«ታዲያ ከረሜላውን ማን ነው የላከው?»

ኦቦ ቶለሳ ናቸው። ስለሚወዱሽ፣ እንዳትከፊ ብለው።

«አባዬ አንድም አልላከም?»

አልላከም። መላክ አይችልም። ቢችል ይልክልሽ ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እጽፈዋለሁ፤ ልሸሸው አልፈልግም።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

አዎ።

ተነሳች። ሱቁ ድረስ ሄደች። ኦቦ ቶለሳ ቦንቱ ኮ፣ የኔ ቦንቱ፣ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቀና ብላ አላየቻቸውም። በርጩማዋን አነሳች፤ ለእሷ ከባድ ነው፤ በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አስደግፋ ተሸክማ ቤት አስገባችው። ጥግ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

አላለቀሰችም። እኔን አታይም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐምሌ 20

ቡራዩ። ተነቀለ።

ወንበሩ ላይ እንደ ትልቅ ሰው ተቀመጠች። ዶ/ሯ መርፌውን እያሳየች ሁሉንም አስቀድማ ነገረቻት፤ ይሄ ይቆነጥጥሻል፣ ይሄ ከንፈርሽን ያደነዝዘዋል፣ ይሄን ስስብ ግፊት ይሰማሻል። ቦንቱ በጥሞና ሰማች። እውነት ነው? አለቻት። እውነት ነው። ልክ እንዳልሽኝ ነው የሚሆነው? ልክ እንዳልኩሽ። ከዚያ አፏን ከፈተች። ራሷ።

ጥጥ ነክሳ ወጣች። ታክሲ ውስጥ፣ ዊንጌት ሳንደርስ፣ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ያለ ድምፅ። ከዚያ መላ ሰውነቷ። ማደንዘዣው ለቀቃት ብዬ ነበር። ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ፤ በጥጡ መሃል፣ አባዬ፣ አባዬ። አባቷን ስታለቅስ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያዝኳት፤ አለቀስን፤ ሁለታችን፣ በሰው ፊት።

ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ቦርሳቸውን ከፍተው ብስኩት አወጡ። እንኪ የኔ ልጅ፣ በቃ አታልቅሽ። ሰው ሁሉ ይኸው ነው። ልጅ ሲያለቅስ አፉን በስኳር መድፈን። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥርሷን ተነቅላ ነው አልኳቸው። ታለቅስ፤ ይውጣላት።

እስከ ሰበታ አለቀሰች። ማንም አልከለከላትም።

ሐምሌ 27

ከእኔ ጋር ትነጋገራለች፤ በአጭሩ። ውሃ። እሺ። እንቢ። ታኮርፈኛለች፤ ሲመሻሽ ደግሞ መጥታ ክንዴ ሥር ትገባለች። ሁለቱም ይገባታል።

የምግብ ፍላጎቷ ተመልሷል። ገና የጀመሩት ሁለቱ ጥርሶች ተሞልተዋል። ማታ ማታ አብረን እንቦርሻለን፤ እሷ የእኔን ታያለች፣ እኔ የእሷን። የጥርስ ሳሙናው አተር የሚያህል ብቻ። ኦቦ ቶለሳ ታዲያ ምን ልስጣት ብለው ጠየቁኝ፤ እጃቸው ባዶ ሆኖ ጨነቃቸው። ለውዝ አልኳቸው፤ በቆሎ ሲደርስ በቆሎ። ለውዝ በትንሽ ሳህን ቆልተው ይዘው መጡ። ከእጃቸው አልወሰደችም። ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ቆይታ አንድ አንዱን በላች። እሳቸው ከሱቁ ሆነው ያዩ ነበር።

ነሐሴ 2፣ እሑድ

አማቴ መጡ። ሳይደውሉ። በር ላይ ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ።

ቦንቱ ከውስጥ ወጣች። አኮ አላለችም። ቀረብ ብላ ልጅሽ ሞቷል አይደል አኮ አለቻቸው።

እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚወድቁ መስሎኝ ልይዛቸው ሄድኩ። አልወደቁም። ጎንበስ ብለው፣ አዎ ልጄ ሞቷል፣ አባትሽ ሞቷል አሏት፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ ደጋግመው። ያን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡት ሰምቼ አላውቅም። ቦንቱ አንገታቸውን አቀፈች። እንዲያ ሆነው ቆዩ። ልጄ ነበረች የምታባብላቸው፤ ጀርባቸውን እየመታች፣ እሳቸው እንደሚመቷት።

ወተት አምጥተዋል። አፈሉት። እጃቸው በልማድ ወደ ስኳሩ ሄደ፤ አየሁ፤ ቆመ። ዝም ብለው ቀዱላት። ቀመሰች። ፊቷን አኮሳተረች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ቀመሰች። ከአይቡ ጋር ጨረሰችው። ማርታ ይቅር በይኝ አሉኝ፤ ዕቃ ሳጥብ። እማማ እርስዎ ምን አደረጉ አልኩ። ዕቃውን አደራረቁልኝ።

ነሐሴ 6፣ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል

ዛሬ ከሥራ ስገባ ቦንቱ ከኦቦ ቶለሳ ጋር ናት። አላመንኩም። የተቀቀለ በቆሎ ለሁለት ከፍለው፣ እሷ በግራ እሳቸው በድዳቸው። ምን አስታረቃችሁ አልኩ። ቦንቱ ነገረችኝ፤ ጠይቃቸዋለች፤ ውሸታም ነዎት ወይ ብላ። አዎ ዋሽቼሻለሁ፣ ልብሽ እንዳያዝን ብዬ ነው፣ ጥርስሽን አሳመምኩት አሏት። አሰበችበት። ከዚያ በቆሎውን ተቀበለች።

ወደ ቤት ስንገባ አባዬ የት ነው ያለው አለችኝ። ሞቷል አልኩ፤ ረሳችው ብዬ። ተቆጣች። እሱንማ አውቃለሁ። የት ነው የተቀበረው?

ሱሉልታ። አኮ ቤት አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን።

ሄደሽ ታውቂያለሽ? ከቀብሩ ወዲህ አልሄድኩም። ለምን? ስለምፈራ። እኔ አልፈራም አለች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ እፈራለሁ።

አማቴን ደወልኩላቸው። ሕፃን መቃብር ላይ ብለው ጀመሩ፤ አቆሙ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ መጥቼ እጠብቃችኋለሁ አሉኝ።

ነገ እወስዳታለሁ። ወስኛለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ዝናብ ይሁን ጭቃ እንሄዳለን። እዚያ ስንደርስ ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም፤ አላዘጋጅምም። የምትጠይቀኝን እሰማለሁ። የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላታለሁ። እኔም ያላለቀስኩት አለኝ፤ ፊቷ አለቅሰዋለሁ።